ደረጃው ራሱ ሲወጣ

ኤስካሌተር የሚባለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ስሙን ያገኘው «ኤስካሌት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ግስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ግሱ ደረጃ በደረጃ ከፍ አለ፣ ናረ፣ ተባባሰ ማለት ስለሆነ ግምቱ ያስኬዳል። እውነቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ማሽኑ ሲሠራ እንዲህ የሚባል ግስ በእንግሊዝኛ አልነበረም። ስሙን አንድ የንግድ ዓይን ያለው ፈጣሪ ከላቲን ቃል ቀጣጥሎ አበጀው፤ ግሱ ደግሞ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ከስሙ ተቀንጥሶ ወጣ። ዛሬ የጦርነት ዜና ያለ እሱ የማይነበብ፣ የሥራ ተቋራጭ ያለ እሱ ውል የማይፈርም፣ የባንክ ሠራተኛ ያለ እሱ ኢሜይል የማይጽፍ ይህ ቃል የገበያ አዳራሽ ልጅ ነው።

የማሽኑ ሐሳብ ከስሙ ይቀድማል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 (በዚህ ምዕራፍ የኢትዮጵያን ዘመን ስጠቀም ለይቼ እናገራለሁ) ናታን ኤምስ የተባለ የማሳቹሴትስ ሰው «ተሽከርካሪ ደረጃ» ብሎ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ነገሩ ግን ወረቀት ላይ ቀረ። በ1890ዎቹ ጄሲ ሬኖ ኒው ዮርክ ውስጥ ኮኒ አይላንድ በተባለው የመዝናኛ ስፍራ፣ ሰው ቆሞበት ወደ ላይ የሚወስደው ዘንበል ያለ ተንቀሳቃሽ ወለል ተከለ። ከፍታው ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ሰው ተሰለፈበት፤ የትም ለመድረስ ሳይሆን ለጨዋታ። በ1898 የለንደኑ ሐሮድስ መደብር ተመሳሳይ ነገር ሲያስገባ፣ ደንግጠው ላይ ለሚደርሱ ደንበኞች ብራንዲ አዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር። አይፈረድባቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የገበያ ማዕከል ኤስካሌተር ሥር ነጠላቸውን ሰብስበው፣ አንድ እግር አንስተው የሚያመነቱ እናት ያየ ሰው ድንጋጤው ይገባዋል። ደረጃ ማለት ሰው የሚወጣው ነገር ነው፤ ራሱ የሚወጣ ደረጃ ግን እግርን ግራ ያጋባል።

ስሙን ያወጣው ቻርልስ ሲበርገር ነው። ሲበርገር የሌላ ፈጣሪ የመብት ሰነድ ገዝቶ በ1899 ከኦቲስ ኩባንያ ጋር ሥራ ጀመረ። በ1900 በፓሪሱ የዓለም ኤግዚቢሽን የቀረበው ደረጃቸው አንደኛ ሽልማት ወሰደ። ለስሙ መነሻ ያደረገው «ስካላ» የሚለውን የላቲን ቃል ነበር፤ ደረጃ ወይም መሰላል ማለት ነው። ስሙ የንግድ ምልክት ሆኖ ስለተመዘገበ ለሃምሳ ዓመት ያህል በአሜሪካ ሕግ ዕቃውን «ኤስካሌተር» ብሎ የመሸጥ መብት የኦቲስ ብቻ ነበር። በ1950 ግን ሆውተን የተባለ ተፎካካሪ አቤት አለ። የአሜሪካ የፈጠራ መብት ቢሮም ኦቲስ ራሱ በማስታወቂያዎቹ ቃሉን እንደ ተራ የዕቃ ስም ሲጠቀምበት መኖሩን አይቶ ምልክቱን ሰረዘው። ኩባንያው ስሙን የተነጠቀው ስሙ ከመጠን በላይ ስለተወደደለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ስካላ» ከዚያ በፊትም ልጆች ነበሩት። አንዱ ፈረንሳዮች «ኤስካላድ» የሚሉት፣ የተከበበ ከተማን ቅጥር በመሰላል ወጥቶ መያዝ ማለት የሆነው የጦር ቃል ነው። በታኅሣሥ 1602 የሳቮይ መስፍን ወታደሮች በሌሊት የጄኔቫን ቅጥር በመሰላል ሊወጡ ሞክረው ሲመለሱ፣ ጄኔቫዎች ያችን ሌሊት በዚሁ ቃል ሰይመው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያከብሯታል። እንግሊዝኛም ቃሉን ወርሶ በጦርነት ታሪክ ሲጠቀምበት ቆይቷል። እንግዲህ ቃሉ ገና ከጥንቱ የውጊያ ሽታ ነበረው። «ኤስካሌት» በ1922 በጽሑፍ ሲገኝ ግን የዋህ ነበር፤ ትርጉሙ በኤስካሌተር መሄድ ብቻ ነው። አንዲት ወይዘሮ ከምድር ቤት ወደ ሁለተኛ ፎቅ «ኤስካሌት አደረገች» ማለት ይቻል ነበር።

ቃሉን ከገበያ አዳራሽ አውጥተው ወደ ጦር መርከብ የወሰዱት የውል አርቃቂዎች ናቸው። እዚህ ላይ እኛም በታሪኩ ውስጥ አለንበት።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኃያላኑ የጦር መርከብ ፉክክራቸውን በውል ለመገደብ ይሰበሰቡ ነበር። መጋቢት 25 ቀን 1936 ብሪታንያ፣ አሜሪካና ፈረንሳይ ለንደን ላይ በፈረሙት ውል የአዳዲስ ጦር መርከቦች ትልቁ መድፍ ከ14 ኢንች እንዳይበልጥ ተስማሙ። ጃፓን ቀደም ብላ ጉባኤውን ረግጣ ወጥታለች። ጣሊያንም አልፈርምም አለች፤ ኢትዮጵያን በመውረሯ የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጥሎባት ነበርና አኩርፋለች። ውሉ የተፈረመበት ቀን በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 16 ቀን 1928 ነው፤ ማይጨው ላይ ውጊያው ሊገጠም ስድስት ቀን ቀርቶታል። ታዲያ ያልፈረሙት ሁለቱ ትልቅ መድፍ ቢሠሩስ? ለዚህ ፍርሃት መልስ የሆነ አንቀጽ በውሉ ተጨመረ፤ እነሱ እስከ 1937 ሚያዝያ ድረስ ካልተቀበሉ ገደቡ ወደ 16 ኢንች ከፍ ይላል የሚል። ይህን ዓይነቱን አንቀጽ እንግሊዝኛ «የኤስካሌተር አንቀጽ» ብሎ ይጠራዋል። ጃፓን አልተቀበለችም። አሜሪካም ለ14 ኢንች መድፍ ነድፋቸው የነበሩትን የኖርዝ ካሮላይና ምድብ መርከቦች ባለ 16 ኢንች አደረገቻቸው። «ኤስካሌሽን» የሚለው ስምም በ1938 ሲገኝ የሚናገረው ስለዚሁ የመርከብ ፉክክር ነው።

ስያሜው ለምን ከማሽኑ እንደተወሰደ ማየት አይከብድም። በተራ ውል ገደቡን ከፍ ለማድረግ እንደገና መሰብሰብ፣ መከራከር፣ መፈረም ያሻል። እዚህ ግን ማንም አዲስ ውሳኔ አይወስንም። ሁኔታው ሲሟላ ገደቡ ራሱ ይወጣል፤ የፈረመው ሰው ቆሞበት አብሮ ይወጣል።

ይኸው አሠራር በደመወዝ ላይ ሲውል ደግ ነገር ሆነ። በ1948 የጀነራል ሞተርስ ኩባንያና የመኪና ሠራተኞች ማኅበር የኑሮ ውድነት መለኪያው ከፍ ባለ ቁጥር የሠራተኛው የሰዓት ክፍያ በተወሰነ ስሌት አብሮ እንዲያድግ ተዋዋሉ። ያም «የኤስካሌተር አንቀጽ» ተባለ። ሠራተኛው ጭማሪ ለማግኘት ሥራ ማቆም፣ አለቃው ደግሞ ቸር መሆን አላስፈለገውም።

የአገራችን የግንባታ ሰዎች ዛሬ «ኤስካሌሽን» ሲሉ የሚናገሩት ስለዚህ የቤተሰቡ ጨዋ ልጅ ነው። አንድ ተቋራጭ ለሁለትና ሦስት ዓመት የሚዘልቅ ሕንፃ ወይም መንገድ ሲዋዋል በፈረመበት ቀን የነበረው የሲሚንቶ፣ የፌሮና የናፍጣ ዋጋ እስከ ርክክብ ድረስ ባለበት አይቆይም። ስለዚህ ውሉ ውስጥ ቀመር ይገባል። የክፍያው የተወሰነ ድርሻ የማይነቃነቅ ይሆናል፤ የቀረው ለሠራተኛ፣ ለሲሚንቶ፣ ለብረት፣ ለነዳጅ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ድርሻ በዛሬው ዋጋና በመነሻው ዋጋ ንጽጽር ይባዛል። ቀመሩ ያለበትን ውል የያዘ ተቋራጭ የብር ምንዛሪ ሲወርድ ይተነፍሳል፤ የሌለበትን የያዘ ደግሞ ሥራውን ጥሎ ይጠፋል ወይም ከስሮ ይጨርሳል። ግንባታ ለማሠራት የምትዋዋሉ አንባቢዎች ካላችሁ፣ የውሉን የመጨረሻ ገጾች ሳታነቡ አትፈርሙ። መነሻው ዋጋ የየትኛው ወር እንደሆነና የዋጋ መረጃው ከየት እንደሚወሰድ ካልተጻፈ ቀመሩ መኖሩ ብቻውን ዋጋ የለውም።

ቃሉ ዛሬ የሚታወቅበትን ጥቁር ፊት ያገኘው ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ ሁለት ኃያላን የኑክሌር መሣሪያ ታጥቀው ተፋጥጠዋል። የፖለቲከኞች ትልቁ ፍርሃት አንዱ ጠዋት ተነስቶ ዓለምን ሊያጠፋ ይወስናል የሚል አልነበረም። አንድ ትንሽ የድንበር ግጭት፣ ማንም ሳይፈልገው፣ ምላሽ ምላሽን እየጠራ ወደ አቶም ጦርነት ይወጣል የሚል ነበር። ለዚህ ፍርሃት «ኢንክሪስ» ወይም «ራይዝ» የሚሉት አሮጌ ግሶች አልበቁም። እነሱ የሚናገሩት ከፍ ማለቱን እንጂ አንዱ ደረጃ ቀጣዩን መጎተቱን አይደለም። ጋዜጠኞችና የጦር ተመራማሪዎች «ኤስካሌት» ን ያነሱት ያን ጊዜ ነው። መደብሩ ውስጥ ብራንዲ የተዘጋጀለት ድንጋጤ ወደ ዓለም ፖለቲካ ተዛወረ።

ነገሩን እስከ ጥግ የወሰደው ኸርማን ካን ነው። ካን ስለ ኑክሌር ጦርነት እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ቀዝቀዝ ብሎ በመጻፉ ብዙ የተወገዘ ሰው ነበር፤ የስታንሊ ኩብሪክን «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» ፊልም ካነሳሱት ሰዎች አንዱ መሆኑም ይነገርለታል። በ1965 ስለ ኤስካሌሽን ባሳተመው መጽሐፍ 44 እርከኖች ያሉት መሰላል ዘረጋ። የመጀመሪያው እርከን ለይስሙላ የሚነሳ ቀውስ ነው። አራተኛው ላይ ሁለቱም ወገኖች አቋማቸውን ያከርራሉ። የኑክሌር መሣሪያ ገና በጭንቅ ብቅ የሚለው 15ኛው ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ሌላ 29 እርከን አለ ማለት ነው። የመጨረሻው ሁሉም ያለውን በጭፍን የሚለቅበት ነው። አንባቢ የተሳቀቀው በዝርዝሩ ርዝመት ነበር። እኔ ግን የካን አንድ ምርጫ ያስገርመኛል፤ ኤስካሌተር ሳይሆን መሰላል ማለቱ። መሰላል በገዛ እግር የሚወጣ ነገር ነው። እየቆሙ ማሰብ፣ መመለስም ይቻላል። ካን በእርከኖቹ መካከል መቆሚያ ደፎችን አስቀምጧል። ጋዜጦቹ ደፎቹን ትተው ቃሉን ብቻ ወሰዱት።

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ቬትናም ቃሉን ቤት ለቤት አስገባችው። በ1964 መጨረሻ እዚያ የነበረው የአሜሪካ ወታደር 23,000 ያህል ነበር፤ ከዓመት በኋላ 184,000 ያህል ሆነ፤ በ1968 መጨረሻ ከ530,000 በላይ ደረሰ። የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ይህን «ጦርነቱ ኤስካሌት አደረገ» ብሎ ይጽፈዋል። ዓረፍተ ነገሩን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ የጎደለ ነገር ያገኛል። ጦርነቱ ወታደር አያዝም። እያንዳንዱን ተጨማሪ ክፍለ ጦር ለመላክ የጠየቀ ጄኔራል፣ የመከረ ሚኒስትር፣ የፈረመ ፕሬዚዳንት አለ። ግሱ ሁሉንም ደረጃው ላይ አቁሞ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታል። የቃሉ ትልቁ ጥቅምና ትልቁ ጉዳት ይኸው ይመስለኛል። አንዱ ርምጃ ቀጣዩን እንደሚጠራ ከሌላው ግስ ሁሉ አብልጦ ያሳያል፤ የተራመደውን እግር ግን ይደብቃል።

በእርግጥ ራሱ የሚወጣ የሚመስል ነገር መኖሩን መካድ አይቻልም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ማርቲን ሹቢክ በ1971 ያሳተመው አንድ ጨዋታ ይህን እጅግ በቀላሉ ያሳያል። በእኛ ገንዘብ ላስረዳ። አንድ የ100 ብር ኖት በሐራጅ ይቀርባል። ከፍተኛውን ዋጋ የጠራ ከፍሎ ኖቱን ይወስዳል። ከተራ ሐራጅ የሚለየው አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ የወጣውም የጠራውን ይከፍላል፣ ግን ምንም አያገኝም። ጨዋታው በሳቅ ይጀምራል። አንዱ 5 ብር ይላል፤ መቶ ብር በአምስት ብር ማን ይጠላል? ሌላው 10 ይላል። እስከ 50 ድረስ የሚከስረው ሐራጅ ሻጩ ነው። ከ50 በኋላ ሐራጅ ሻጩ ማትረፍ ይጀምራል፤ የሁለቱ ጥሪ ሲደመር ከ100 ይበልጣልና። ሳቁ የሚጠፋው ግን አንዱ 95 ሌላው 100 ሲጠሩ ነው። የ95ቱ ሰው ዝም ካለ 95 ብር ባዶ እጁን ይከስራል። 105 ቢልና ቢያሸንፍ ግን ኪሳራው 5 ብር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ 105 ይላል። አሁን ደግሞ የ100ው ሰው በተራው መቶ ሊከስር ነው፤ 110 ይላል። መቶ ብርን ከመቶ ብር በላይ መግዛት እብደት ነው፤ ግን እያንዳንዱ ጥሪ ለብቻው ሲታይ ብልህነት ነው። ሹቢክ በአንድ ዶላር ኖት ሲያጫውት ከተጫራቾቹ በድምሩ ከ3 እስከ 5 ዶላር መሰብሰብ ብርቅ እንዳልነበር ጽፏል። እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። የማይጠቅም ሕግና ማቆም ያቃታቸው ሁለት ሰዎች ብቻ አሉ።

ቤት ሲሠራ በጀቱ ያለቀበት፣ ግን «እዚህ ድረስ ያወጣሁትን እንዴት ጥዬ» ብሎ ተጨማሪ ብድር የገባ ሰው ከራሱ ጋር የሚጫወተው ይህንኑ ጨዋታ ነው። የሲድኒ ኦፔራ ቤት በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊያልቅ ታስቦ 102 ሚሊዮን ፈጅቷል። የሥነ ልቦናና የአስተዳደር ምሁራን ይህን ጠባይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲያጠኑት ስያሜውን የወሰዱት ከዚሁ ቃል ነው።

እንግዲህ «ኤስካሌት» ን ከዘመዶቹ የሚለየው ምን እንደሆነ ግልጽ ይመስለኛል። የጤፍ ዋጋ ምርት ስላነሰ አንድ ጊዜ ቢወደድ ለእንግሊዝኛ «ራይዝ» ይበቃዋል። ነጋዴው ነገ ይወደዳል ብሎ ሲያከማች፣ ሸማቹም ነገ ይወደዳል ብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ሲሸምት፣ የሁለቱም ፍርሃት ዋጋውን ሲገፋው ግን «ኤስካሌት» አደረገ ይባላል። የአየሩ ሙቀት ከፍ ቢል «ኤስካሌት» አይባልም፤ ፀሐይ ለማንም አትመልስም። ደስታም ፍቅርም በዚህ ግስ ቢነገሩ ለጆሮ ይጎረብጣሉ። ወጪ፣ ጠብ፣ ጥቃት፣ ውጥረት፣ ሥጋት ናቸው ጓደኞቹ። አነባበቡን በተመለከተ አንዳንድ አሜሪካውያን «ኤስክዩሌት» ሲሉ ብትሰሙ አትከተሏቸው፤ ብዙ መምህራን እንደ ስህተት ያዩታል።

በቢሮ ውስጥ ደግሞ ግሱ ሌላ ጠባይ አለው። እዚያ አድራጊው አይደበቅም፤ ጭራሽ ደረቱን ነፍቶ ይታያል። በአዲስ አበባ ባንኮችና የቴሌኮም ቢሮዎች፣ በዋሽንግተን አካባቢ በደንበኞች አገልግሎት የሚሠሩ ወገኖቻችንም ዘንድ «ጉዳዩን ኤስካሌት አድርጌዋለሁ» ማለት የዕለት ንግግር ነው። ከእኔ አቅም በላይ ስለሆነ ለበላይ አስተላልፌዋለሁ ማለት ነው። ደንበኛው መፍትሔ ያገኘ ይመስለዋል፤ የተዘዋወረው ግን ማመልከቻው ብቻ ነው። አንዳንዴም አስፈራሪያ ይሆናል፤ «ካልመለስክልኝ ኤስካሌት አደርገዋለሁ» የሚል ኢሜይል የአለቃን ስም ቅጂ አድርጎ ይመጣል።

ግሱን የሚገለብጠው የእንግሊዝኛ ቃል «ዲኤስካሌት»፣ ማለትም ማብረድ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ተበጅቶ ዛሬ የአሜሪካ ፖሊሶች ሥልጠና ስም ሆኗል። ቃሉ ከመበጀቱ በፊት ሥራው ተጀምሮ ነበር። የኩባ የሚሳይል ቀውስ በ1962 ካለፈ በኋላ ዋሽንግተንና ሞስኮ በሰኔ 1963 ጄኔቫ ላይ ተፈራርመው ቀጥታ መስመር ዘረጉ። ሰው እንደሚያስበው ቀይ ስልክ አልነበረም፤ የቴሌፕሪንተር የጽሑፍ መስመር ነበር። ጽሑፍ የተመረጠው ድምፅ ለስሜትና ለትርጉም ስህተት ስለሚጋለጥ ነው።

ወደ አማርኛ ስንመልሰው አንድ ቃል አይበቃም። ዋጋ ሲሆን «ናረ»፣ በሽታና ሁኔታ ሲሆን «ተባባሰ»፣ ጠብ ሲሆን «ተካረረ»። ከሦስቱ ለግጭት ዜና የምመርጠው የመጨረሻውን ነው። አንዱ አክርሮ፣ ሌላውም አክርሮ ካልሆነ «ተካረረ» አይባልም፤ በግሱ ውስጥ ሁለት ሰው አለ። «ሁኔታው ተባባሰ» የሚለው የዜና አማርኛ ግን የእንግሊዝኛውን ጉድለት እንዳለ ይወርሳል፤ ሁኔታ የሚባል ሰው የለምና። ስለዚህ ለዜና ተርጓሚዎችና ለአዘጋጆች አንድ ልመና አለኝ። ከውጭ የመጣው ዜና «ውጥረቱ ኤስካሌት አደረገ» ካለ ከመተርጎማችሁ በፊት ሁለት አንቀጽ ወደ ታች ውረዱና ማን ጦር እንዳስጠጋ፣ ማን እንደተኮሰ፣ ማን አምባሳደር እንዳባረረ ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ እዚያው ተጽፏል። በአማርኛው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ እሱን አስቀምጡት።